ለውድድርም ለጉዞም የምትሆን ጀልባ

አንድ ሰው ያገለገለ የሸራ ጀልባ ለመግዛት ባሕር ዳር ውስጥ ሦስት ወር ዞረ። አንዷ ፈጣን ናት፤ ግን ፍራሽ እንኳ አታስገባም። ሌላዋ ቤት ታህላለች፤ ግን ነፋስ ቢገፋትም አትንቀሳቀስም። እሱ ሁለቱንም ይፈልጋል። ሐይቁ ላይ በየወሩ የሚደረገውን ውድድር ማሸነፍ ያምረዋል። ለሚስቱ ለአንጓች ደግሞ ደቅ ደሴት ሊወስዳት ቃል ገብቷል። እህቷ እዚያ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ክርስትና የምታነሳት አንጓች ናት። ሕፃኗ የምትጠመቅበት ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው ቅዳሜ ነው።

በመጨረሻ ጋሽ እንዳላማው የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። የጀልባዋን ጎን በእጁ እያንኳኳ ጠየቃቸው።

“ይቺ ትሮጣለች ወይስ ታሳድራለች?”

“ሁለቱንም። ግን በአንድ ቀን አይደለም፣ የኔ ጌታ።”

“እንዴት?”

“ስትወዳደር ፍራሹን፣ ቡታጋዙን፣ የውሃውን ጀሪካን፣ ትልቁን መልሕቅ ታወርዳለህ። ስትጓዝ ሁሉንም መልሰህ ትጭናለህ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ወገብ ይቆርጣል። እኔም የምሸጣት ወገቤ እምቢ ቢለኝ ነው።”

“ይኼማ ቀላል ነው!”

“ገና አላነሳኸውማ!” አሉና ሳቁ።

ገዛት። ልብ በሉ፣ ጀልባዋ እንከን የላትም። ሻጩም አልዋሹም። ታዲያ ምን ጎደለ?

ሐሙስ ለልምምድ ዕቃውን ሁሉ አወረደ። አርብ ጠዋት አንጓች የሕፃኗን ነጭ ቀሚስ ይዛ ወደቡ ላይ ስትደርስ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ክምር አየች።

“ያ የኛ ዕቃ አይደለም እንዴ?”

“ነው። እሁድ ውድድር አለብኝ። አንድ ሌሊት ለማደር ጭኖ ማውረድ ምን ይሠራል?”

“ያ ትልቁ ብረትስ?”

“ትንሹ መልሕቅ ይበቃል። ይልቅ ግቢ፣ ነፋሱ ሳያመልጠን! መንገድ ላይ ፍጥነቷን እለካለሁ።”

ገባች። ጀልባዋም በረረች። ሰውየው ሰዓቱን እያየ ይስቅ ነበር።

ደቅ ሲደርሱ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቷል። የሸራ ጀልባ ሆዷ ጥልቅ ስለሆነ ዳር ድረስ አትጠጋም። ራቅ ብላ መልሕቅ ጥላ ትቆማለች፤ ታንኳ መጥቶ ሰው ያወርዳል። ትንሹን መልሕቅ ጣለ። ጀልባዋ ጎትታው ዳር ወዳለው ድንጋይ ሄደች። ስቦ አወጣው፤ ዞሮ እንደገና ጣለ። እንደገና ጎተተችው።

“ኧረ አቁሟት!” ብሎ ጮኸ ባለታንኳው። “እንደዚህ እየዋለለች አልጠጋም! ልትጨፈልቀኝ ነው እንዴ?”

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ድንጋዩን በክንድ ርቀት ሳተችው። ሰውየው ሸራውን ሰቅሎ አንጓችን እንደያዘ ወደ ባሕር ዳር ዞረ። የአንጓች እህት ሕፃኗን ታቅፋ ዳር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ እጇን አውለበለበች። ኋላ ተወችው።

ቅዳሜ ንጋት ሕፃኗ ተጠመቀች። ሰማንያ ቀን ነፋስ እስኪበርድ አይጠብቅም። ክርስትና ያነሳቻት አንዲት ጎረቤት ናት።

እሁድ ሰውየው ተወዳደረ። ማታ ቤት ገብቶ “ሁለተኛ ወጣሁ” አላት።

“አንደኛ ብትወጣስ?”

ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

“ስማኝ። ውድድርህን አልጠላሁም። ግን ልብህ ነገ ላይ ከሆነ ዛሬ ነይ ግቢ አትበለኝ።”

አሁን ብዙዎቻችሁ “ጀልባዋን ይሽጣት” እያላችሁ ነው። ለምን ይሽጣት? ሥራም ቤትም ያላችሁ ሰዎች፣ ትምህርትም አገልግሎትም የያዛችሁ፣ “አንዱን ተዉ” የሚላችሁ ሰው አልሰለቻችሁም? እኔን ሰልችቶኛል። እግዚአብሔር ለሁለቱም አድርጎ ሠርቷችኋል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ በመካከል ያለውን ሥራ ማን ይሥራላችሁ? ያን ወገብ የሚቆርጠውን፣ ማንም አይቶ የማያጨበጭብለትን?

እራት ላይ ተቀምጣችሁ ለነገው ስብሰባ መልስ ታዘጋጃላችሁ። የታመመ ጓደኛ ልትጠይቁ ትሄዱና ቁልፋችሁን ከእጃችሁ አታስቀምጡም። ለጸሎት ቆማችሁ በልባችሁ ታክሲ ትይዛላችሁ። አልቀራችሁም፤ መጥታችኋል። ግን ቀልላችሁ መጣችሁ። ነፋስ ሲነሣ፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ በሽተኛው “ፈራሁ” ሲል፣ ባላችሁበት መቆም አቃታችሁ። ከዚያ “ምን ላድርግ፣ ሄጄ ነበር እኮ” ትላላችሁ። ሰውየውም ሄዶ ነበር። ደሴቱን በዓይኑ አይቶታል!

ሁለት ሰዓት ነበር የሚፈጀው። ሁለት ሰዓት!

ያቺ ሕፃን አድጋ “ክርስትና እናቴ ማን ናት?” ብላ ስትጠይቅ የጎረቤቷን ስም ይነግሯታል። ይኼ ከእንግዲህ አይለወጥም። የእናንተ ግን ገና አርብ ጠዋት ነው። ተነሡና ጫኑ።