የትርንጎ ገል

ባዶ ወሰን በሚባለው አገር ሰው ድንበር ላይ ዛፍ ልትከል ካለ፣ ጎረቤቱ አስቀድሞ ሁለት ገል አፈር ሞልቶ ገብስ ይዘራባቸዋል። አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሌላውን የዛፉ ቅጠል በተዘፈዘፈበት ውኃ ያጠጣል። በስምንተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው ያዩና ተራ በተራ «አይቻለሁ» ይላሉ። ወገቤን አመመኝ የሚለው እንኳ ተደግፎ ይጎነበሳል እንጂ ተቀምጦ አይፈርድም።

እንደሚነገረው ይህን ያመጣችው ትርንጎ የምትባል ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ከአባቷ ርስት በዕጣ የደረሳትን ለም ማሳ ገብስ እያዘራች ሁለት ሴት ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ዘገዬ ያ ማሳ ለእሷ በመውጣቱ ውስጥ ውስጡን ሲብከነከን ኖሮ፣ አንድ ክረምት ከሩቅ አገር የመጣ ነው የተባለ የባሕር ዛፍ ችግኝ አምጥቶ በድንበሩ ዳር፣ በራሱ መሬት ላይ ደረደረው።

«ለቤት ማገር ይሆነናል፤ ለአንቺም ጥላ ነው» አላት።

እሷም የታላቅ ወንድም ነገር ሆኖባት መረቀችው። በኋላ ከሁሉ ያንገበገባት ይህ ምርቃት ነው ይባላል።

ዛፉ አደገ፤ ቅጠሉም በነፋስ እየተነዳ ማሳዋ ላይ ይረግፍ፣ በዝናብ ይበሰብስ ጀመር። መጀመሪያ የዳሩ ገብስ ቢጫ ሆነ፤ በዓመቱ መካከሉ ቀጨጨ፤ በሦስተኛው ዓመት ዘሩ ከነጭራሹ ሳይበቅል ቀረ፣ አረሙ እንኳ ጠፋ። ትርንጎ አቤት ብትል ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው የድንበሩን ድንጋይ አስለኩ። ድንጋዩ ስንዝር አልተነቃነቀም። ስለዚህ ዘገዬ ድንበር አልገፋም ብለው ፈረዱ፤ እሷን ምቀኛ አሏት።

ልቧ ግን ቅጠሉን ጠርጥሮ ነበርና ከወንዝ ዳር አፈር አምጥታ በሁለት ገል ገብስ ዘራች፤ አንዱን የምንጭ ውኃ፣ አንዱን የቅጠሉን ውኃ አጠጣች። በስምንተኛው ቀን አንዱ ለምልሞ፣ አንዱ ራቁቱን ሆኖ፣ ሁለቱንም ይዛ ዋርካው ሥር ቀረበች።

«አባቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ብቻ እዩልኝ።»

«ልጄ፣ ፍርዱ አልቋል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ አባ ደምሌ፣ ወደ ገሉ ሳይመለከቱ።

«ፍርዱን አልጠየቅሁም። ጎንበስ ብላችሁ እዩልኝ ነው ያልሁት።»

ማንም ጎንበስ አላለም። ጎንበስ ማለት ተሳስተናል ማለት መስሏቸው ነበር፤ ደግሞም ነበር። ለአንዲት እናትና ለልጆቿ እንጀራ ሲባል አንገት ማጠፍ ከበዳቸው።

ትርንጎ ገሎቹን እዚያው አስቀምጣ፣ ልጆቿን ይዛ በዚያው ወጣች፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ዘገዬም ማሳውን ያዘ፤ ዛፉን ቆርጦ ገብስ ቢዘራበት አልበቀለለትም። ያን ጊዜ አባ ደምሌ ብቻቸውን ወደ ዋርካው ሄደው ጎነበሱ ይባላል። ነገር ግን የለመለመውም በውኃ ጥም ደርቆ ሁለቱ ገሎች አንድ ሆነው ነበር። በገዛ እጃቸው እንደገና ዘሩ፣ እንደ እሷ አንዱን የምንጭ፣ አንዱን የቅጠሉን ውኃ ስምንት ቀን አጠጡ፣ ከዚያም ማንም በሌለበት «አይቻለሁ» አሉ።

ማሳው ዛሬም ባዶ ነው፤ አገሩም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። የድንበሩ ድንጋይ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሽማግሌዎቹም ከዚያ ወዲህ በየገሉ ፊት እየተጎነበሱ «አይቻለሁ» ይላሉ፤ ይህን ቃል የለመነችው ሴት ግን ሳትሰማው ሄዳለች።