ቀዛፊውና ጥቁሩ ትምባሆ

አንድ ቀዛፊ ነበረ። ስሙ ጓንጉል ይባላል። ድልድይ በሌለው ሰፊ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሶ፣ ባለችው አንዲት ጀልባ ሰውና እህል እያሻገረ ይኖር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልነበረውም። ገበያውና ጤና ጣቢያው ከእሱ ጎጆ በኩል ሲሆኑ የገበሬዎቹ መንደር ከወንዙ ማዶ ነው። መሻገር የፈለገ ሰው ማዶ ቆሞ ይጣራል፤ ጓንጉልም ቀዝፎ ሄዶ ያመጣዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። የድሃ ገንዘብ አይቀበልም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሌላው የማይደፍረውን ማዕበል እሱ ይደፍራል።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ ይወድ ነበር፤ ጥቁር ትምባሆ።

ይህ ትምባሆ በየገበያው እንደሚቸረቸረው ዓይነት አይደለም። ከቆላ የሚወጣ አንድ ነጋዴ ነበር የሚያመጣለት። ቅጠሉ በእንፋሎት ከታጠነ በኋላ እየተደራረበ መጭመቂያ ውስጥ ይገባል፤ ድንጋይ ተጭኖበት ወራት ይቆያል። ሲወጣ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ እንደ ጠፍር የጠነከረ ነው። ያንን በስል ቢላ ስስ ስስ አድርገው ይቆርጡታል። ሽታው ዘቢብ ዘቢብ ይላል፤ ጠጋ ብለው ሲያሸቱት ደግሞ አሮጌ ኮርቻ ያስታውሳል።

ጓንጉል በቀን አንዴ ብቻ፣ ተሲያት ላይ ያጨሳል። ደጃፉ ላይ በርጩማውን አውጥቶ ይቀመጣል። ከቁራጮቹ ሁለት ሦስቱን ያነሳና በመዳፉ እያሸ ይፈታቸዋል። ፒፓውን መጀመሪያ ላላ፣ ቀጥሎ ጠበቅ አድርጎ ይሞላል። ክብሪት ሲጭርበት ትምባሆው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ይጠቀጥቀውና እንደገና ይለኩሰዋል። ዋናው ይህ ሁለተኛው እሳት ነው። ከዚያ በኋላ ችኮላ የለም። ፈጥነው ከሳቡት ምላስ ይልጣል። ከረሱት ይጠፋል፤ ጠፍቶ የተለኮሰ ደግሞ አመድ አመድ ይላል። በልኩ፣ እንደ ትንፋሽ ለሳበው ሰው ግን መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ መሀል ላይ ጉሮሮ ይሰረስራል፣ ወደ መጨረሻው ይከብድና ግንባር ላይ ቀጭን ላብ ያወጣል። እጅና እግር ይዝላል። የሞተች ሚስት እንኳ ለጥቂት ጊዜ ትረሳለች።

የነፍስ አባቱ «ልጄ፣ ይቅርብህ» ሲሉት «አባቴ፣ ከቀኑ ውስጥ ይቺ አንዲት ሰዓት የኔ ትሁን» ይላቸው ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ተሲያት ላይ ጓንጉል ፒፓውን ሞልቶ ሁለተኛውን እሳት ገና እንደለኮሰ ከማዶ ጥሪ መጣ።

«ኧረ ባለ ጀልባ! ኧረ አያ ጓንጉል!»

ቀና ብሎ አየ። ሰዎች ቃሬዛ መሬት ላይ አውርደው ቆመዋል። አንደኛው ነጠላውን እያውለበለበ ይጣራል።

ጓንጉል ፒፓውን አየ። «አስከሬን ከሆነ አይቸኩልም» ሲል አሰበ። «በሽተኛም ከሆነ እስካሁን የቻለ ሰው ትንሽ ይችላል።» ይህን እያሰበ ሳለ የሴት ጩኸት ውሃውን አቋርጦ መጣ። የምጥ ጩኸት ነበር። ጓንጉል አንድም ልጅ ያልወለደ ሰው ቢሆንም ያንን ጩኸት ያውቀዋል፤ ሚስቱ የሞተችው በምጥ ነውና።

ተነሳ። ወደ ጀልባዋ ግን አልሄደም። በርጩማውን አንጠልጥሎ ከጎጆው ጀርባ ዞረና ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ማዶ አይታይም፤ እሱም ከማዶ አይታይም። «ትንሽ ብቻ» አለ። ጥሪው ግን ከጎጆው ጀርባም ይሰማል። ጓንጉል ሳበ፣ ለቀቀ፣ ሳበ። ጥሪው አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይቀንሳል። ግንባሩ ላይ ላቡ መጣ። ትምባሆው እስከ ታች ድረስ እኩል ነደደ። እንደዚያን ቀን ጣፍጦት አያውቅም።

አመዱን አራግፎ ወደ ደጃፉ ሲዞር ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ዓይኑን አሸ። ከዚያ ሮጠ። እንደዚያ ቀዝፎ አያውቅም። ማዶ ሲደርስ መዳፉ ተልጦ መቅዘፊያው ላይ ደም ነበር።

የመጣችው አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ይርሳው ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጠ። «አያ ጓንጉል፣ ይድረሱልን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። ጓንጉልም «አይዞሽ አንጓች፣ አይዞሽ፣ ደረስን» እያለ ቀዘፈ። ከጀልባዋ ሲያወርዷት ትተነፍስ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ዝም አለች። ልጁም ከእናቱ ጋር ቀረ።

አዋላጇ እጇን እየታጠበች አንድ ነገር ተናገረች። «ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀድማችሁ ብትደርሱ ኖሮ።»

ይርሳው ወደ ጓንጉል ዞረ። «አያ ጓንጉል፣ ያን ያህል ስንጣራ አልሰሙንም?» አለው። ጥያቄው ወቀሳ አልነበረበትም፤ ሐዘን ያደነዘዘው ሰው ጥያቄ ነው።

«ነፋሱ ነው» አለ ጓንጉል። «ነፋሱ ድምፃችሁን ወሰደው። እንቅልፍም ሸለብ አድርጎኝ ነበር።»

የዚያን ቀን ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። ያዘነ ሰው ግን ነፋስ ይንፈስ አይንፈስ ልብ አይልም። ይርሳው የተላጡትን መዳፎች አየ። ጎንበስ ብሎም ሳማቸው።

በአርባኛው ቀን ይርሳው ጓንጉልን ለተዝካር ሊጠራ መጣ። በነጠላው የተቋጠረ ነገር ይዟል። ፈታው፤ ጥቁር ትምባሆ ነበር።

«እኔ ይህን ነገር አላውቀውም» አለ ይርሳው እያፈረ። «ገበያ ውስጥ ሰው እየጠየቅሁ ነው ያገኘሁት። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እርስዎ ግን ለእሷ እጅዎን ልጠዋል። ሌላ የምሰጥዎት ነገር የለኝም።»

ጓንጉል ተቀበለ። ይርሳው ከሄደ በኋላ ፒፓውን ሞላ። እንደሚመረው እርግጠኛ ነበር፤ እንዲመረውም ተመኝቶ ነበር። አልመረረውም። ያው ነው፤ ጣፈጠ፣ ሰረሰረ፣ ከበደ፣ ግንባሩን አላበው። ጓንጉል ያን ጊዜ ራሱን ፈራ። ግን እስከ ታች አጨሰው።

ከዚያ በኋላ ይርሳው በየዓመቱ፣ አንጓች በሞተችበት ዕለት፣ ትምባሆ ቋጥሮ ይመጣል። ወሬውም ተዛመተ። «ለወላድ ሴት እጁን የላጠው ቀዛፊ» እየተባለ ለጓንጉል በሠርግም በለቅሶም ከሽማግሌዎች መሀል ቦታ ይለቀቅለት ጀመር። መጀመሪያ አንገቱን እየደፋ ይቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ቀና ብሎ መቀመጥ ለመደ። አንዳንዴ እውነትም ነፋስ የነበረ ይመስለው ነበር።

በአምስተኛው ዓመት ይርሳው ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ነበር። ትምባሆውን አስቀመጠና ሳይጋበዝ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምነው ይርሳው፣ ታመህ ነበር?» አለ ጓንጉል።

«ወንድሜ ሞተ። ስንሻው። በሰኔ።»

«ነፍስ ይማር! ምነው ሳትነግረኝ? ለቀብር እንኳ...»

«እኔም አልቀበርኩትም» አለ ይርሳው።

ይርሳው ወንዙን እያየ ቀጠለ።

«አንጓችን ከተሸከሟት አንዱ ስንሻው ነበር። መንገድ ላይ ‹ትከሻችን ዛለ፣ እዚህ ሾላ ሥር ትንሽ እንረፍ› አለ። እምቢ ብል ኖሮ! አውርደን አረፍን። አዋላጇ ግማሽ ሰዓት ስትል ያ ሾላ ነው ትዝ ያለኝ። ወንዝ ዳር የጠበቅነው የእግዜር ነው፤ ነፋስ ነው። ሾላው ሥር የቆምነው ግን የሰው ሥራ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። አንድ አጥር ነው የሚለየን፤ አምስት ዓመት ሰላም አላልኩትም። ሽማግሌ ላከ፤ መለስኩ። ሚስቱን ላከ፤ መለስኩ። ሊሞት ሲል ‹ይርሳውን ጥሩልኝ› አለ። ‹አንጓችን የገደለ ሰው ደጅ አልረግጥም› አልኩ። ለቅሶውን በአጥር በኩል ሰማሁት።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለጓንጉል ውሸቱ የእሱ ብቻ ይመስለው ነበር፤ እሱ ውስጥ የምትኖር፣ እሱን ብቻ የምትበላ። አንድም ቀን ከጎጆው ወጥታ ማዶ ተሻግራ የሌላ ሰው ቤት ገብታ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

«ይርሳው» አለ። «ነፋስ አልነበረም።»

«የቱ ነፋስ?»

«የዚያን ቀን። ነፋስ አልነበረም፤ እንቅልፍም አልነበረም። ሰምቻችሁ ነበር። እሷንም ሰምቻታለሁ። ትምባሆዬን ለኩሼ ነበር። እስክጨርስ ከጎጆው ጀርባ ተቀምጬ ጠበቅሁ።»

ይርሳው ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ምስጋናዬን መልስልኝ።»

ጓንጉል ትምባሆውን በሁለት እጁ አንስቶ ዘረጋለት።

«እሱን አላልኩህም» አለ ይርሳው። «አምስት ዓመት አመሰገንኩህ። እጅህን ሳምኩህ። የወንድሜን ድርሻ ነው ለአንተ ስሰጥ የኖርኩት። እሱን መልስልኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

«የአንጓችን ይቅር እልህ ይሆናል፤ እንጃ። የስንሻውን ግን ከማን ትጠይቃለህ? እኔስ ከማን ልጠይቅ?»

ሌላ ጀልባ አልነበረም። ይርሳው ወደ ቤቱ መመለስ የሚችለው ጓንጉል ከቀዘፈለት ብቻ ነው። ሁለቱም ጀልባዋ ውስጥ ገቡ። ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት፤ ጀልባዋ ሌላ መቀመጫ የላትም። ማዶ ሲደርሱ ይርሳው ወርዶ ወደ መንደሩ አልሄደም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አቀና። ዞሮም አላየም።

በሚቀጥለው እሑድ ጓንጉል ተሻግሮ ሄደ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ የሠራውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። የሰደበው አልነበረም፤ ድንጋይ ያነሳም የለም። ከሴቶቹ መሀል ግን ጥቁር የለበሰች አንዲት ሴት ወደፊት ወጣች። የስንሻው ሚስት ነበረች።

«ሰኔ ሳይገባ ለምን አልመጣህም?» አለችው።

መልሱንም ሳትጠብቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች።

ወዳጄ፣ ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ «ትምባሆ ክፉ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ትምባሆ ክፉ መሆኑ እውነት ነው፤ ጓንጉልን ከበርጩማው ያላስነሳው ግን ጭሱ ብቻ አልነበረም። ሌላው ሰው ሲጮህ የራስን ደስታ እስከ ታች ለመጨረስ መፈለግ ነው። ያ ክፋት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ቀጥሎ የመጣችው ትንሽ ውሸት አምስት ዓመት ፈጀች፤ ስንሻው ከወንድሙ ሳይታረቅ እንዲሞት ያደረገችውም እሷ ነች። ሰው ጥፋቱን ሲደብቅ ጥፋቱ አይጠፋም፤ ሌላ ትከሻ ፈልጎ ያርፋል። የማይገባንን ምስጋና ስንቀበል፣ የማይገባውን ወቀሳ የሚሸከም አንድ ሰው የሆነ ቦታ አለ።

አንተስ? አንቺስ? ዝም ብለን የተቀበልነው ምስጋና የለም? ካለ፣ ወቀሳው በማን ትከሻ ላይ እንዳለ ዛሬውኑ እንጠይቅ። ለዚያ ሰው ሰኔ መቼ እንደሚገባ አናውቅምና።