እስከ ቀትር ጅቡቲ

በአንድ ወቅት፣ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ በምትፋጀው ድሬዳዋ፣ ሐዋ የምትባል እናት ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሯት። ሴቷ ሩቂያ ጅቡቲ አግብታ እዚያው ትኖራለች። አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ባሏ ደወለ። ሩቂያ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ደሟ ግን አልቆም ብሏል። የደሟ ዓይነት በቀላሉ አይገኝም፤ ሆስፒታሉም የነበረውን ጨርሷል። «እስከ ቀትር ካልደረሳችሁ…» አለ።

ሐዋ ሦስቱን ወንዶች ቀሰቀሰች። «ወላሂ፣ ልጄን ያተረፈልኝ የልጇን ስም ያወጣል!» አለች። በዚያ ቤት ስም ያወጣ አጎት ለልጁ ሁለተኛ አባት ነው። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

መካከለኛው ልጅ ተውፊቅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የደሙ ዓይነት መንጃ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል፤ ልክ እንደ እህቱ ነው። የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ብድግ አለ። «ጅቡቲ እኮ ጎረቤት ናት! በመኪናዬ በርሬ እደርሳለሁ።»

ካርታ ማየት የሚወደው ታናሹ ኢድሪስ በሩ ላይ ቆመበት። «አቦ ተው! በሰማይ ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዱ ግን ይጠማዘዛል፤ ኬላ አለ፤ ድንበር ላይ ሰልፍ አለ። ቀትር እዚያው ያገኝሃል። አውሮፕላን አንድ ሰዓት አይፈጅበትም።»

«የዛሬው አውሮፕላን ታላቅህ ሸምሱ የሚሄድበት አይደል? ስምንት ተኩል ነው፤ ከቀትር በኋላ!» አለች ሐዋ።

ኢድሪስ የታላቁን ትኬት ነጥቆ አየ። «እማዬ፣ ይሄ የፈረንጅ ሰዓት ነው! በኛ ጠዋት ሁለት ተኩል ማለት ነው። ተነሱ!»

ወንድማማቾቹ እየሮጡ ሄዱ። አየር ማረፊያ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ሙሉ ነበር። ሸምሱ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ መርከብ ላይ ሥራ ያገኘው ገና አሁን ነው፤ መርከቧም በዚያው ቀን ከጅቡቲ ትነሳለች። ትኬቱን ለአፍታ ጨብጦ ቆመ። ከዚያ «የእኔን ሰርዙና ለእሱ ቁረጡለት» አለ። ተውፊቅ ሊያመሰግነው ሲል «ሂድ፤ አትየኝ» አለው።

ተውፊቅ ገደል አፋፍ ላይ መኪና ሲያዞር እጁ አይንቀጠቀጥም። አውሮፕላንና መርፌ ግን ነፍሱን ያወጡታል። ዓይኑን ጨፍኖ በረረ፤ ሆስፒታልም ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱን ሰጠ። ሐኪሞቹ «አልበቃም» ሲሉት «ድገሙ» አለ፤ ደግመው ሲቀዱ ራሱን ሳተ።

ሐዋ ስልኩን ታቅፋ ትጠብቃለች። የበረራ ጊዜ የሚባለው አየር ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የፍተሻው ሰልፍ፣ የታክሲው መንገድ አይቆጠርም። እሷ ግን ሁሉንም ቆጠረች። የቀትር አዛን ተሰማ። ስልኩ ዝም። ሶላቷን ስትጨርስ ጮኸ፤ አማቿ እያለቀሰ ነው።

«ተርፋለች!»

ስም በሚወጣበት በሰባተኛው ቀን፣ ተውፊቅም ተመልሶ፣ ሦስቱም እናታቸው ፊት ተቀመጡ።

«እኔ ባልናገር ተውፊቅ ቀትር ሲሆን ገና ድንበር ላይ ሰልፍ ይዞ ነበር» አለ ኢድሪስ።

«ተናግረህስ በምን ይሄድ ነበር? በክንፍህ?» አለ ሸምሱ። «መርከቤ ሄዳለች።»

ተውፊቅ እጅጌውን ሰበሰበ። «እሷ ውስጥ ያለው የማን ደም ነው?»

በዚህ መሃል ሩቂያ ደወለች። «እማዬ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ስሙን ማን ያውጣ?»

ሐዋ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። ወላሂ ብላለች፤ ስም ደግሞ አንድ ነው። እናንተ ብትሆኑ ስልኩን ለማን ትሰጡት ነበር?