የሜዳው ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ዋንጫ ከመጽሐፍ ይበልጥ በሚከበርበት ኮሌጅ፣ ልመንህ የሚባል ሯጭ ተማሪ ነበር። የዋንጫው ቁም ሣጥን ከቤተ መጻሕፍቱ ይሰፋል ይሉ ነበር፣ ማጋነን የሚወዱ። አይሰፋም፤ ግን መብራት ነበረው።

ልመንህ ከሞተ በኋላ ኮሌጁ ሕግ አወጣ፤ በትምህርት ሰዓት የሩጫው ሜዳ ይቆለፋል፤ ፕሬዚዳንቱም ቢሆን አያስከፍተውም። ቁልፉን የሚይዘውን ሰው የሟች እናት ይምረጡ ተባለ። ወይዘሮ ውዳላት ከገጠር መጡ፣ ቁልፉን ተቀበሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሦስት ሰዎች ቁልፉ ለእኔ ይገባል ብለው ፊታቸው ቀረቡ።

አሰልጣኙ ጥጋቡ ቀደመ። «ልጅዎን በክፍል ሰዓት ወደ ዳገቱ የላክሁት እኔ ነኝ» አለ። «ደረቴን ይወጋኛል ብሎኝ ነበር። ስትሮጥ ይለቅሃል አልሁት።» ልጁ ከሜዳው ጀርባ ባለው ዳገት ብቻውን ወደቀ። ከቀብሩ በኋላ ጥጋቡ ቡድኑን ለውድድር አልወስድም አለ፤ ፈሪ የሚል ስም ወጣለት። «አጥሩ በየት በየት እንደሚያሾልክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ተማሪ ሳሾልክ ኖሬያለሁ።»

ሁለተኛው የልመንህ የመኝታ ክፍል ጓደኛ፣ ምንተስኖት ነው። ስም ሲጠራ ለራሱ በቀጭን ድምፅ፣ ለልመንህ በወፍራሙ «አቤት» ይል ነበር። «አንተ፣ ልመንህን ዛሬ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» እያሉ ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር። ብዙ ቀን የቀረ ተማሪ ፈተና አይቀመጥምና፣ ደግ የሠራ መስሎት ነበር። ልመንህ በወደቀበትም ቀን «አቤት» አለ። ወዲያው ዘበኛው አጥር ላይ ተሰቅሎ ያገኘውን፣ ስም የተጻፈበት ጃኬት ይዞ ብቅ አለ። «ልመንህ የሚባል ልጅ እዚህ አለ?» ሲል ምንተስኖት አቀረቀረ። ልጁ ሲገኝ መሽቷል፤ በጊዜ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር አለ ሐኪሙ። ይህን ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለወይዘሮ ውዳላት የነገራቸው ምንተስኖት ነው። «እማማ፣ እኔ ልያዘው» አለ አሁን። «ሌላ የምለው የለኝም።»

ሦስተኛው መምህር ኢዮስያስ፣ ያን ቀን ስም ሲጠራ የነበረውና ለዘበኛው «አለ» ብሎ የመለሰው ሰው ነው።

«የልጄን ድምፅ አያውቁትም ነበር?» አሉት ወይዘሮ ውዳላት።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዋንጫ የሚያመጣን ልጅ ቀሪ ማለት ያስቆጣ ነበር። ዝም ማለቱን ለመድሁት።» ኋላ ግን በስብሰባ ፊት ቆሞ ጥፋቱን የተናገረ፣ ሕጉንም ተሟግቶ ያስወጣ እሱ ነው። «ያስወጣሁትን ላስከብር» አለ።

 ወይዘሮ ውዳላት ልጃቸው ይቀመጥበት የነበረውን ክፍል ማየት ፈለጉ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አሰልጣኙ በሩ አጠገብ ቆመ፤ መምህሩ ስም መጥራት ጀመረ። የልመንህ ስም ከተሰረዘ ቆይቷል። አፉ ግን ልማድ ሆኖበት ጠራው።

ማንም አልሳቀም። በተከፈተው መስኮት፣ ከሜዳው በኩል፣ ጠጠር ላይ የሚሮጥ የእግር ድምፅ መጣ። ዞረ። አለፈ። ግራ እግሩን ጫን ያደርጋል፤ ወይዘሮ ውዳላት ይህን አረጋገጥ ልጁ መራመድ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ያውቁታል።

ቀና ብለው ሦስቱን አዩ። አሰልጣኙ የእጅ ሰዓቱን እያየ ነው። ምንተስኖት አፉን በመዳፉ ይዟል። የመምህሩ እስክሪብቶ ተገኝቷል የሚለውን ምልክት ጀምሮ፣ መሃል ላይ ቆሟል።

«የሜዳው በር ተቆልፏል?» አሉ በቀስታ።

«ተቆልፏል፣ እማማ» አለ ምንተስኖት።

«እንግዲያው ውስጥ ነው ያለው።»

የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ቁልፉ መዳፋቸው ላይ ነው፤ ሦስት እጆችም ተዘርግተዋል። እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?