እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት

አንድ ጠባብ ሸለቆ ነበረ። ጥበቱን ለመናገር ይህ ይበቃል፦ በወዲህኛው ዳገት አንዱ ሲያስነጥስ በወዲያኛው ዳገት ያለው ጎረቤቱ «ይማርህ!» ይለዋል። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ወንዝ ትወርዳለች። ቤቶቹ ከወንዟ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ስለተሠሩ፣ ማን ማለዳ እንደተነሳ፣ ማን እንግዳ እንደመጣበት፣ የማን ላም እንደወለደች ለማወቅ ከደጅ ብቅ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ይህን የሰማ የከተማ ሰው «እንዲህ ያለ ኑሮስ አያድርስ» ይል ይሆናል። ይበል። በዚያ ሸለቆ ግን እሸት ብቻውን የሚበላ ሰው አልነበረም። ላም ስትወልድ እንገሩ የጎረቤት ልጆች ድርሻ ነው። የአንዱ ጣራ ያፈሰሰ እንደሆነ ሁሉም ሣር ተሸክሞ ይመጣል፤ ሥራው ካለቀም በኋላ ጠላው እስኪያልቅ ይጫወታል። የጠፋ በግ ፈላጊ አያሻውም፤ የማን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ያገኘው ሰው እየነዳ ያመጣዋል። ሐሜት አልነበረም ብል ዋሸሁ። ሐሜተኞቹም ቢሆኑ ግን ያሙት ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት አንድ ሕግ ነበራቸው። እሳት ለጠየቀ አይከለከልም። ምድጃው የጠፋበት ሰው ገሉን፣ የሸክላ ስባሪውን፣ ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ፍም ተቀብሎ፣ አመድ አልብሶ፣ ሳይበርድበት ይመለሳል። የተጣሉ ሰዎች እንኳ ሰላምታ ይከለካከላሉ እንጂ እሳት አይከለካከሉም። እሳት የሚጭር ሰው አይቀመጥም። ዛሬም ቸኩሎ የሚነሳን እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?» የምንለው ለዚህ ነው።

በዚህ ሸለቆ አንጓችና ፈንታነሽ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በወንዙ ወዲህና ወዲያ ይኖሩ ነበር። አንጓች እዚያው ተወልዳ እዚያው ያገባች ናት። ፈንታነሽ ግን በጋብቻ ከሩቅ ቆላ የመጣች ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላም ማሳዋን በጎረቤት ወንፈል እያሳረሰች እዚያው ቀረች። ሁለቱ እንደ እህትማማች ነበሩ። አንጓች ስትወልድ ያዋለደቻትም፣ ገንፎውን ያገነፋችላትም ፈንታነሽ ናት። የፈንታነሽ ባል የሞተ ጊዜ ደግሞ አንጓች የራሷን ቤት ትታ ኀዘኑ እስኪበርድ አብራት ተኝታለች።

አንድ ጥቅምት የፈንታነሽ አህያ ገመዷን በጥሳ የአንጓችን ባቄላ አወደመችው። አንጓች ተናደደች። መናደዷ ባልከፋ፤ ባቄላ ነው፣ ያናድዳል። የከፋው አፏ ነው። ወንዙ ዳር ቆማ፣ በሰው ፊት፦

«ድሮስ መጤ ለሰው ማሳ መቼ ያዝናል!» አለች።

ሸለቆው ጠባብ ነው ብያለሁ። ያልሰማ አልነበረም። ፈንታነሽ አህያዋን እየጎተተች ቤቷ ገባች፣ በሯንም ዘጋች። ያን ያህል ዘመን ስትኖር ማንም ያላላትን ስም፣ ባሏ አፈር ከለበሰ በኋላ፣ እህቴ ከምትላት ሰው አፍ ሰማችው።

የአንጓች ንዴት ወዲያው በረደ፤ በምትኩ ጸጸት ገባባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይኸው ነው። ለባቄላው ካሳ እንደማትፈልግ አስነገረች፤ ሽማግሌም ላከች። ፈንታነሽ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አስቀምጣ «አባቶቼ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ቂምም የለኝ። ግን መጤ ወደ ዘመዱ ይመለሳል። እህሌን ወቅቼ ወንድሜ ካለበት ከተማ እገባለሁ» አለቻቸው። ይህ መልስ ሲደርሳት አንጓች ደረቷን ደቃች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እዚህ ግን የወጋችውም አልረሳችም።

«በእኔ አፍ ከዚህ ሸለቆ ሰው አይወጣም» አለች ለባሏ ለቢያድግልኝ።

«በምን ታስቀሪያታለሽ? በሯን እንደሆነ ዘግታብሻለች።»

«እሳት ለሚጭር በር አይዘጋም።»

በማግስቱ ማለዳ አንጓች ተነሥታ በገዛ ምድጃዋ ላይ ውኃ ደፋችበት። ቢያድግልኝ ክው አለ። «ከገበያ ያመጣሁት ክብሪት እዚያ ተቀምጦ!» ቢላትም ገሏን አንሥታ ወንዙን ተሻገረች። «ነገር መጫሩ አልበቃ ብሎሽ ደግሞ እሳት!» እያለ ሲያጉረመርም ከኋላዋ ሰምታዋለች፤ ልክ መሆኑንም ታውቃለች።

ፈንታነሽ በሩ ላይ ስታያት ፊቷ ጠቆረ። ሕግ ግን ሕግ ነው። ፍሙን ገሉ ላይ አደረገችላትና ጀርባዋን ሰጠቻት። አንጓች አልሄደችም። እዚያው ቆማ «እንዴት አደርሽ እቴ? ላሚቱስ? ጥጃው ጠናልሽ? ወገብሽን ተሻለሽ?» ትል ጀመር። እሷ ስትናገር ፍሙ በረደና ጠቆረ።

«እቴ፣ ጠፋብኝ። ሌላ ጨምሪልኝ።»

ፈንታነሽ ጨመረችላት። በማግስቱም ይኸው ሆነ፤ ከዚያም በኋላ በየማለዳው። የሸለቆው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተገረመ። ወንዝ የወረደች አንዲት ጎረቤት «ምነው አንጓች፣ ኩራትሽስ የት ገባ?» ብትላት «ባቄላው ማሳ ላይ ጥዬዋለሁ፤ ካገኘሽው ውሰጂው» ብላት አለፈች። ውርጭ ሲወርድ አልቀረችም፤ ሲያማት አልቀረችም። እንዲያውም ራሷን አሟት እንቅልፍ የጣላት አንድ ቀን፣ ያ ሲያጉረመርም የከረመው ቢያድግልኝ ቀሰቀሳትና «ተነሺ፣ ረፍዷል። እሳቱን አጥፍቼልሻለሁ» አላት።

አንድ ማለዳ የፈንታነሽ ትዕግሥት አለቀ።

«አንቺ ሴት! ክብሪት እንዳለሽ አገር ያውቃል!»

«አለኝ።»

«ጭስሽ ሲወጣ ከዚህ ይታየኛል። ውኃ እየደፋሽበት ነው የምትመጪው!»

«እውነትሽን ነው።»

«ታዲያ ምን ሁኚ ነው የምትይኝ?»

«ክብሪት አያኮርፈኝም እቴ። እኔ የመጣሁት የምታኮርፈኝ ዘንድ ነው።»

ፈንታነሽ ሊያመልጣት የነበረውን ሳቅ በነጠላዋ አፈነችው። በሳቋም ተናደደችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ብትመላለሺ ሐሳቤን አታስለውጪኝም። እሄዳለሁ!»

«እስክትሄጂ እመጣለሁ» አለች አንጓች፤ ፍሟንም ይዛ ወረደች።

በታኅሣሥ የፈንታነሽ ጤፍ ሲወቃ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንጓችም ሳትጠራ መጥታ ከሁሉ ጋር ስትሠራ ዋለች። ፈንታነሽ ምግብ ስታቀርብ ለእሷም አቀረበች፤ ዓይኗን ግን አላየቻትም። እህሉ ጎተራ አልገባም፣ በጆንያ ታሰረ። ያን ሲያዩ ሰዎቹ ዘፈናቸውን አቋረጡ። መሄዷ እውነት መሆኑን ሁሉም ያመነው ያን ጊዜ ነው።

የመሄጃዋ ማለዳ ደረሰ። ወንድሟ የጭነት አህዮች ነድቶ ዋዜማውን መጥቶ አድሮ ነበር። ጆንያው ተጫነ፣ ዕቃው ታሰረ። የቀረው ምድጃውን ማጥፋት ነው፤ ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው እሳቱን በእጁ አጥፍቶ ይወጣልና። ፈንታነሽ በቅል ውኃ ይዛ ምድጃው አጠገብ ቆመች። እንደቆመች ቀረች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ወንድሟ። «ድፊበትና እንሂድ፣ ፀሐይ ሳይበረታብን።»

«ትንሽ ታገሠኝ። እሳት የምትጭር ሴት አለች።»

«ክብሪት የላትም እንዴ?»

«አላት።»

ወንድሟ ግራ ገባው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የመጣው በእውነት ሊያሳርፋት ነው። «የኔ እህት፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ዛሬ ትገላገያለሽ» አላት። «ከተማ ውኃው ከቧንቧ ነው፣ መብራቱም ግድግዳውን ስትነኪ ይበራል። ወዴት ሄድሽ፣ ማን መጣብሽ የሚልሽ የለም። ዓመት ሙሉ ብትቀመጪ ማንም ደጅሽን አይረግጥም።»

ይህን ያለው ሊያጽናናት ነበር። ፈንታነሽ ግን ቅሉን እንደያዘች ወደ በሩ ወጣች። ከማዶ፣ ከአንጓች ቤት ጭስ አይታይም። እሳቷን እንደ ልማዷ አጥፍታ ተነሥታለች ማለት ነው። ታዲያ የት ደረሰች? ከዚህ ቀደም እስከዚህ ሰዓት ዘግይታ አታውቅም። «በመጨረሻው ቀን ሰለቸችኝ ይሆን?» ብላ አሰበችና ፈራች። መፍራቷ ራሷን አስገረማት። ስትሸሻት የከረመችው ሴት እንዳትቀርባት እየፈራች ነበር።

አንጓች እያነከሰች ብቅ አለች። ወንዙን ስትሻገር ድንጋዩ አዳልጧት ወድቃ ነበር። ቀሚሷ ርሷል፣ ጉልበቷ ይደማል፣ ገሉም በእጇ ላይ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ብቻ ቀርቷል።

«ወይኔ! ምን ሆነሽ ነው?» አለች ፈንታነሽ።

ከዚያ ከጥቅምት ቀን ወዲህ ከአፏ የወጣላት የመጀመሪያው ደግ ቃል ይህ ነበር። አንጓች ደፉ ላይ ተንበረከከች።

«ያን ቃል በሰው ፊት ነው የተናገርኩት፤ ዛሬም በወንድምሽ ፊት ልናገር። ዋሽቻለሁ። ባልሽን የቀበርነው እዚህ ነው። ልጄን ከሆዴ የተቀበለችው የአንቺ እጅ ናት። አንቺ መጤ ከሆንሽ እኔም አገር የለኝም። መሄዱን ሂጂ፤ መከልከል አልችልም። ግን ነገም እሳቴን አጥፍቼ እመጣለሁ። በሩ ተዘግቶ ካገኘሁት ከተዘጋው በር ፊት እቆማለሁ። እኔ አንቺን እንዳባረርኩሽ ሆኜ አልኖርም!»

ይህን ስትል አለቀሰች። ፈንታነሽም እንባዋ መጣ። በቅሉ የያዘችውን ውኃ አየችው፤ ምድጃዋን ለማጥፋት የቀዳችው ውኃ ነው። ቁጢጥ አለችና የአንጓችን ጉልበት አጠበችበት። ደሙ እስኪጠራ፣ ቅሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ አጠበችበት።

ወንድሟ አንድ ጊዜ ሁለቱን ሴቶች፣ አንድ ጊዜ አህዮቹን ያያል። «እንግዲህ… ላውርደው?» አለ።

«አውርደው» አለች ፈንታነሽ ቀና ሳትል። «ከዚያ ግባና ቁርስህን ብላ።»

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው ትርጉሙን አልነገረኝም። እኔ የገባኝን ልንገራችሁ። ይቅርታ አንድ ቀን ሽማግሌ ልኮ የሚገላገሉት ነገር አይደለም፤ በእግር የሚመላለሱበት ሥራ ነው። የበደለ ሰው «ጠይቄያት እምቢ አለች» ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ገና አልጠየቀም። የትንሽ መንደር ደስታም ሣሩና ውኃው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደስታው ምንም ሳይቸግረው የሚፈልግህ ሰው መኖሩ ነው። መጤ ማለትም ከሌላ አገር የመጣ ሰው አይደለም። መጤ ማለት ሰው የማይመጣበት ሰው ነው፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው ቢያረጅ እንኳ።

እስቲ ለራሳችሁ መልሱ፦ ያስቀየማችሁት ጎረቤት ጓዙን ሳይጭን፣ ነገ ማለዳ ተነሥታችሁ የምትሄዱት ወደ ማን ደጅ ነው?