የወይናምባ ግንብ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ አዛዥ ምንተስኖት የሚባሉ የንጉሥ ዳኛ በወይናምባ ኮረብታ፣ በአንድ ትልቅ ግንብ ደጃፍ ተቀምጠው የሦስት ባለጉዳዮችን ክርክር ሲሰሙ ትዕግሥታቸው አለቀ። ያለቀው ባለጉዳዮቹ ስለዋሹ አይደለም። ቢዋሹማ ደስ ባላቸው ነበር፤ ውሸታምን መለየት የኖሩበት ሥራ ነው። ያስመረራቸው ሦስቱም እውነት መናገራቸው ነው።

ሦስቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፦ ታላቁ ዘርዐ ጽዮን፣ መካከለኛው ላእከ ማርያም፣ ታናሻቸው ወለተ ሐና። የመጡት በቁራኛ ነው። በዚያ ዘመን የተካሰሰ ሰው የነጠላውን ጫፍ ከባላጋራው ነጠላ ጋር ቋጥሮ፣ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል። እነዚህ ሦስት ሆነው ነው የተቋጠሩት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንዱን ባስነጠሰው ቁጥር ሦስቱም ሲነቀነቁ ከርመዋል።

«የሚያጣላችሁ ምንድን ነው?»

«ቁልፉ» አሉ ባንድ ድምፅ።

ቁልፉ በአዛዥ ምንተስኖት ጭን ላይ ነበር፤ ክንድ የሚያህል ብረት ነው፣ የግንቡን ትልቅ በር የሚከፍት። ግንቡን ያሠራው የዛሬው ንጉሥ አባት ነው። የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበለ ጊዜ፣ ባሕር ተሻግረው የመጡት ካህናት ካቴድራል የሚሉትን ቤት በቤተ መንግሥቱ አጠገብ አቆመ። ቤቱ እንደ አገሩ ቤተ ክርስቲያን ክብ አይደለም፤ ረጅም ነው። ጣሪያው ሣርም እንጨትም የለበትም፤ የተጠረበ ድንጋይ በኖራ ተያይዞ፣ ጎብጦ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ በአየር ላይ ይቆማል። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ አበባ ተፈልፍሎበታል። እንግዶቹ ኖራ ማቃጠሉን አሳዩ እንጂ፣ ጠርቦ ያቆመው የእነዚህ የሦስቱ አባት፣ ግንበኛው ሠርጸ ክርስቶስ ነው።

አዛዥ ምንተስኖትም በጎልማሳነታቸው እዚያው ጣሪያ ሥር ተንበርክከው ከንጉሡ ጋር በአዲሱ ሃይማኖት ምለዋል። በኋላ አገሩ በደም ሲጨማለቅ ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መለሰ፣ ልጁ ነገሠ፣ እንግዶቹ ተባረሩ። ምንተስኖትም እንደ ሰው ሁሉ መሐላቸውን ተዉ። ይህ ነገር ሲነሳባቸው አይወዱም። ጣሪያውን ግን አልረሱትም፤ በዕድሜያቸው እንደዚያ ያለ ውብ ነገር አላዩም። ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ቤት እንዳይፈርስ።

ግንበኛው ሊሞት ሲል «ይህን ግንብ ከመፍረስ ያዳነልኝ ልጄ ቁልፉን ይያዝ፤ ሲሞትም ከጎኔ ይቀበር» ብሎ ነበር። እሱ የተቀበረው በደጃፉ ነው፤ አጠገቡ የቀረው አፈር ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል፣ ሌላው አለት ነው። ንጉሡም አሁን ይህን ቃል አጸደቀና ከክርክሩ ቀን በማግሥቱ፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ በሩ በአንድ ሰው ስም እንዲከፈት አዘዘ። ለአንድ ሰው፤ ትእዛዙ እንዲህ ይላል።

«እሺ» አሉ አዛዥ ምንተስኖት። «ሁላችሁም ምስክር አቅርቡ።»

የዘርዐ ጽዮን ምስክር ወለተ ሐና ሆነች። የወለተ ሐና ምስክር ላእከ ማርያም፣ የላእከ ማርያም ደግሞ ዘርዐ ጽዮን።

«ባላጋራ ለባላጋራ ይመሰክራል እንዴ!»

«ያየነው እኛ ብቻ ነን፣ ጌታዬ» አለች ወለተ ሐና፣ ስለ ታላቅ ወንድሟም መሰከረች።

ዘርዐ ጽዮን አንደበት ተሰጥቶታል። እንግዶቹ በተባረሩበት ዓመት ግንቡ እንዲፈርስ ታዘዘና ወታደሮች ድጅኖ ይዘው መንገድ ጀመሩ። እሱ ቀድሟቸው ወደ ሐይቁ ደሴት ሄዶ መነኮሳቱን «ታቦት ስጡኝ» አላቸው፤ ታቦት ባለበት ቤት ድጅኖ የሚያነሳ የለማ። መነኮሳቱም «በመጀመሪያ ያንን መናፍቅ አባትህን በገበያ መካከል አውግዘው» አሉት። በቅዳሜ ገበያ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ አባቱ ቆሞ እየሰማ፣ በስም ጠርቶ አወገዘው። ማታ ታቦቱ ገባ። በማግሥቱ ወታደሮቹ ደረሱ፣ ደጃፉን ተሳልመው ተመለሱ። አባትየው ከዚያ ቀን በኋላ መዶሻ አላነሳም፤ በዓመቱ ሞተ።

«ሁሉም ልክ ነው» አለች ወለተ ሐና። «ጋሼ ባይኖር ዛሬ እዚህ ሜዳ ላይ በግ ይግጥ ነበር። አባቴን በቁሙ የቀበረውም እሱ ነው።»

ከዚያ ዘርዐ ጽዮን ስለ ላእከ ማርያም መሰከረ። ላእከ ማርያም ጆሮ ተሰጥቶታል፤ ድንጋይ በጣቱ መገጣጠሚያ ይቆረቁርና ሕመሙን ያውቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ክረምቱ ሲበረታ የሰሜኑን ግድግዳ ቆረቆረና ፊቱ አመድ መሰለ። ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጭ እየገፋው ነበር። ወንዙ ሞልቷል፣ ድንጋይ ከሚወጣበት ቦታ መድረስ አይቻልም። የተጠረበ ድንጋይ ያለው አባታቸው ለሦስቱም ባወረሳቸው ቤት ብቻ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ወለተ ሐና አራስ ነበረች። ከነአልጋዋ፣ ከነሕፃኗ ተሸክሞ የፍየል በረት አስገባትና ቤቱን ማንንም ሳይጠይቅ አፈረሰው። አባቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ባቆየው ኖራ ከግድግዳው ሥር ደጋፊ ግንብ አቆመ። ጣሪያው ቆመ።

«እሱ ባይኖር የኔ ታቦት ሜዳ ላይ በቀረ ነበር» አለ ዘርዐ ጽዮን። «ያን ክረምት ግን መነኮሳቱ ዘንድ ሰንብቼ ከሐይቁ ስመለስ ቤት የለኝም። እስከ ዛሬ የሰው ቤት ነው የማድረው።»

በመጨረሻ ላእከ ማርያም ስለ እህቱ ተናገረ። ወለተ ሐና እጅ ተሰጥቷታል። መነኮሳቱ አንድ ቀን ቤቱን ሊጎበኙ መጥተው ቀና ቢሉ፣ የእንግዶቹ አበባና የእንግዶቹ ፊደል። «እስከ ፋሲካ ተጠርቦ ይጥፋ» ብለው አዘዙ። አበባው የተፈለፈለው ግን ጣሪያውን በያዙት ድንጋዮች ላይ ነው፤ እነሱ በመሮ ከተነኩ ይላቀቃሉ። «እኔ አጠፋዋለሁ፣ አባቶቼ» አለችና በሩን ዘጋች። ዐቢይ ጾምን ሙሉ መወጣጫ ላይ በጀርባዋ ተኝታ እያንዳንዱን አበባ በጭቃና በጭድ ሸፈነች፤ በላዩ ኖራ ቀብታ የአገሩን ቅዱሳን ሣለችበት። መነኮሳቱ ተመልሰው «ጠፋ?» ሲሏት በወንጌል ላይ እጇን ጭና «ጠርቤ አጥፍቻለሁ» ብላ ማለች።

«ያዳነችው እሷ ናት» አለ ላእከ ማርያም። «ግን በሐሰት ምላ፣ የአባታችንን ሥራ ከዓይናችን ሰውራ ነው። ሃያ ዓመት አላየነውም።»

አዛዥ ምንተስኖት ጸሐፊያቸውን «ብዕርህን አስቀምጥ!» ብለው ጮኹ። ቀጥለው ወደ ሦስቱ ዞሩ። «ይህን ለእኔ ለምን ትነግሩኛላችሁ? እኔ የንጉሥ ዳኛ ነኝ እኮ!»

«ምስክር አቅርቡ አሉን» አለ ላእከ ማርያም።

ዳኛው ራሳቸውን ያዙ። ዕጣ ጣሉ ቢሏቸው፣ ዘርዐ ጽዮን አባቴን ያወገዝኩት ለዕጣ አይደለም አለ። በዕድሜ ይሁን ቢሉ፣ ላእከ ማርያም ግድግዳው ዕድሜ አልጠየቀኝም አለ። እየተፈራረቃችሁ ያዙት ቢሉ፣ ወለተ ሐና «ትእዛዙ ለአንድ ሰው ይላል» ብላ አስታወሰቻቸው፤ እውነቷን ነው።

ይባስ ብሎ ሦስቱም ዛቱ። ታቦቱ በአደራ የተሰጠው በዘርዐ ጽዮን ስም ነው፤ ቁልፉን ካላገኘ ለመነኮሳቱ ይመልሳል። ደጋፊው ግንብ የቤታቸው ድንጋይ ነው፤ ላእከ ማርያም ካላገኘ ነቅሎ ቤት ይሠራበታል። ወለተ ሐና ካላገኘች ደግሞ፣ ሥዕሉን አጥባ አበባውን ለመግለጥ አንድ እንስራ ውኃና አንድ ጨርቅ ይበቃታል።

«እብዶች!» አሉ አዛዥ ምንተስኖት። ቁልፉን አንስተው፣ በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡና ከውስጥ ዘጉት።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አልገቡበትም። ቀና ሲሉ ነጭ ጣሪያ፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ ቅዱሳን። አንድ ጊዜ የተንበረከኩበትን ቦታ አወቁት፤ ሐፍረት ያዛቸው። ከዚያ በሰሜን በኩል መዳፍ የምታህል ጭቃ ረግፋ አዩ። በክፍተቱ አንድ የድንጋይ አበባ ብቅ ብላለች፣ ትናንት የተፈለፈለች መስላ። አዛዥ ምንተስኖት ብቻቸውን ቆመው አለቀሱ። ወዲያው ደግሞ ነገ በዓል መሆኑ ትዝ አላቸው፤ መነኮሳቱም እዚሁ ሥር ነው የሚቆሙት።

በሩን በርግደው «አንቺ! በሰሜን በኩል ጭቃው ረግፏል!» አሉ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ነጠላቸው እንደተቋጠረ ወለተ ሐና ጭቃ ረገጠች፣ ላእከ ማርያም ጭድ በተነ፣ ዘርዐ ጽዮን ውኃ አቀበለ። በአንድ መሰላል ሦስቱ ተከታትለው ወጡ። ላእከ ማርያም ድንጋዩን ቆርቁሮ «ደኅና ነው» አለ። ወለተ ሐና ከመሸፈኗ በፊት አበባዋን በጣቷ ዳሰሰቻት። ዘርዐ ጽዮን ቀስ ብሎ፣ ከሥር የቆሙት ዳኛ በጭንቅ በሚሰሙት ድምፅ፣ «አባቴ ይቅር በለኝ» አለ። ሁለቱ መሰላሉ እንዳይነቃነቅበት ያዙለት።

አዛዥ ምንተስኖት ከሥር ሆነው ተስፋ አደረጉ። አሁንስ ይታረቃሉ፤ አሁንስ አንዱ ለአንዱ ይተዋል አሉ በልባቸው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ በቅሏቸውም ተጭናለች።

ሦስቱ ወረዱ። እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው፣ ነጠላቸው እንደተቋጠረ ዳኛው ፊት ቆሙ።

«ታዲያ፣ ጌታዬ» አለ ታላቁ፣ «ፍርዱስ?»

ዳኛው ጮክ ብለው ስንት ነገር ተናገሩ መሰላችሁ፤ እዚህ አይደገምም። ቁልፉ ግን አሁንም በእጃቸው ነው። ነገ ጠዋት ሕዝቡ በሩ ላይ ይሰበሰባል፣ በሩ በአንድ ሰው ስም ይከፈታል፣ ከግንበኛው ጎን ያለውም አፈር አንድ ሰው ይጠብቃል። እሳቸው ደክሟቸዋልና ነገሩን ለእናንተ ትተዋል። አባቱን አውግዞ ቤቱን ከድጅኖ ያዳነው፣ የአራስ እህቱን ቤት አፍርሶ ከመውደቅ ያዳነው፣ በወንጌል ላይ በሐሰት ምላ ከመሮ ያዳነችው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?