አያ ጅቦ ተመልካች ሲጠራ

ተረት ተረት ብዬ መጥቻለሁ፤ እስቲ ደፋር ካለ ይመነኝ!

ድሮ ድሮ እንስሳት ሁሉን የሚያሳውቅ ትልቅ መጽሐፍ ያዘጋጁ ነበር። ጸሐፊዋ እመት ጃርት ያልተመሰከረ ነገር ብትሞት አትጽፍም። የቸገራት የፊት ገጹ ነው፤ ስለ ሌቦች አለቃ ስለ አያ ጅቦ አንባቢ የሚጎትት አንድ መስመር መጽሐፉ እስከሚወጣበት እስከ ቅዳሜ ካላገኘች መጽሐፉን የሚገልጠው የለም።

አያ ጅቦ ራሱ እየተጎማለለ መጣ።

"መቶ በግ በላ ብለሽ ጻፊ!"

"ሲበላ ማን አየ?"

"ያዩትንም በላኋቸው!"

"እንግዲያው ወሬ ነው አያ ጅቦ፤ አይጻፍም።"

"እኔን ነው ወሬ የምትይው?" ብሎ በግኖ ሄደና ለመንደሩ ሁሉ መልእክት ላከ፦ "ነገ ረፋድ ላይ በግ ስለምሰርቅ መጥታችሁ እዩልኝ!"

መንደሩ ነቅሎ ወጣ። የበጎቹ ጠባቂ ውሾችም ቀድመው ደርሰው ከፊት ተቀመጡ። አያ ጅቦ በረቱን ሳይረግጥ አፈፍ አደረጉት።

እመት ጃርት ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ጻፈች፦ "የሌቦች አለቃ ሲሰርቅ እንዲያዩት ተመልካች ጠርቶ፣ ባዶ አፉን እንደተያዘ ያውቃሉ?"

መጽሐፉን ለማየት ሰልፉ ወንዝ ተሻገረ። አያ ጅቦ ግን እስር ቤት ሆኖ፣ "እመት ጃርት፣ በእናትሽ አንዲት ግልገል እንኳ በላ ብለሽ ጨምሪልኝ!" እያለ ያለቅሳል አሉ።

ተረቴን ለእኔ አትመልሱልኝ፤ ለጎረቤት አቀብሉልኝ።